አባቴ ነፋስ የሆነበት ነሐሴ

ውጤቱ የተለጠፈው ከመማሪያ ክፍላችን በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ነበር። ከስሜ ትይዩ «ደጋሚ» ይላል። በክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁሉም የራሱን ውጤት ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

የወደቅኩት ያለ እይታ፣ በመሣሪያ ብቻ ስለ መብረር በሚያስተምረው ትምህርት ነው። ደመና ውስጥ ሲገባ ሰማይና ምድር አይለዩም። ያኔ አብራሪው በመስኮት ማየቱን ትቶ ፊት ለፊቱ የተደረደሩትን ሰዓት የሚመስሉ መሣሪያዎች እያነበበ ይበራል። በትንሿ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ጠራ ባለ ሰማይ ስበር ማንም አይቀድመኝም ነበር። ወረቀቱ ላይ ስደርስ ግን ጠፋሁ።

መምህራችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ካፒቴን ነበሩ። ቢሯቸው ጠሩኝና የፈተና ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አውሮፕላኑ ይታዘዝሻል። እዚህ ግን ትሸመድጃለሽ እንጂ አታስቢም። ሥዕሉን ትንሽ ዞር ካደረግኩብሽ መላው ይጠፋሻል።»

«ልክ ነዎት» አልኩ። እውነታቸውን ነበር።

«ሦስት ሳምንት አለሽ። ሁለተኛ ከወደቅሽ ግን እኔም ላድንሽ አልችልም።»

በማግስቱ ደብተሮቼን በቦርሳ ጠቅጥቄ የአምቦ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወሩ ነሐሴ ነው። ከሆለታ በኋላ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበው ጀመር፤ ጊንጪ ስንደርስ መንገዱ ዳር የቆሙት በሬዎች እንኳ በጉም ውስጥ ጥላ ብቻ ሆነው ነበር የሚታዩት። ለወላጆቼ የምነግረውን ውሸት ያዘጋጀሁት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ «ዕረፍት ሰጡን» ልል።

እናቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። አላመነችኝም፤ ግን ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። አባቴ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኮምፓሱን በቆዳ ማኅደር አንግቶ፣ ሜትር ገመድና ችካል የሚሸከሙ ሠራተኞች አስከትሎ፣ ከካቺሲ እስከ ሸነን፣ ከደንዲ እስከ ቆላው ድረስ በእግሩ የዞረ ሰው ነው። እኔ ጤና እንድማር ነበር ፍላጎቱ። አብራሪ ልሆን ነው ባልኩት ዕለት «አንቺ ካልሽ» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ በረራ አንዲት ቃል ጠይቆኝ አያውቅም።

አራት ቀን ጓዳ ውስጥ ተዘግቼ አነበብኩ። ያቃተኝ ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው አቅጣጫ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ምልክት ሰጪ የሬዲዮ ጣቢያ አለ እንበል። አንዱ መሣሪያ ከአውሮፕላኑ ወደ ጣቢያው ያለውን አቅጣጫ ይነግራል፤ ሌላው ከጣቢያው ወደ አውሮፕላኑ ያለውን። እኔ «ወደ»ን እና «ከ»ን ሁልጊዜ አደባልቃቸው ነበር። ሁለተኛው «ሆልዲንግ» የሚሉት ነው። ለማረፍ ገና ያልተፈቀደለት አውሮፕላን መቆም ስለማይችል፣ አንድ ነጥብ ይዞ እንደ እንቁላል ቅርፅ በሞላላ መንገድ እየዞረ ይጠብቃል። በየት በኩል ተገብቶ ወደ የት እንደሚታጠፍ፣ ነፋስ ሲገፋ ስንት ዲግሪ እንደሚታረም፣ እንኳን በፈተና ሰዓት አልጋዬ ላይ ተጋድሜም አይገባኝም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መነጽሩን ፍለጋ ጓዳ ገባ። ወረቀቶቼ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ነበር። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳና ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ዲግሪ ከሰሜን ተነስቶ የሚቆጠር ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ተሳስተሻል። ይሄ የፊት ንባብ አይደለም፤ የኋላ ንባብ ነው።» እርሳሱን ከእጄ ወስዶ አስተካከለው። «ከችካሉ ሆኜ አንቺን ሳይሽና፣ አንቺ ጋ ሆኜ ችካሉን ሳይ ቁጥሩ አንድ አይሆንም። መቶ ሰማንያ ይለያያል። ይህን ለችካል ተሸካሚዎቼ ሳስተምር ነው የኖርኩት።» ቀና ብሎ አየኝ። «ዕረፍት የወጣ ሰው እንዲህ ያጠናል?»

ያን ጊዜ ነገርኩት። መውደቄን፣ ሦስት ሳምንት እንደተሰጠኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን። አልተቆጣም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አብራሪ መሆንሽን ለምን እንዳልወደድኩት ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለ።

«ሴት ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

«አይደለም።» ከዚያ ቤት ውስጥ ተነግሮ የማያውቅ ነገር አጫወተኝ። ከሸነን ከተማ በላይ፣ ጅባት ጫካ ውስጥ የገጠር መንገድ ሲቀይስ አንድ ጠዋት ጭጋግ ወረደ። ከተማዋ በግራው ቁልቁል እንዳለች እርግጠኛ ነበር፤ ኮምፓሱ ግን በቀኝ ነው አለው። አገሩን አውቀዋለሁ ብሎ፣ በድንጋዩ ውስጥ ብረት ይኖራል መርፌውን የሳበው ብሎ፣ ኮምፓሱን ማኅደሩ ውስጥ ከተተውና በልቡ ሄደ። አራት ሠራተኞች ተከተሉት። እስከ ቀትር ድረስ ሲሄዱ ቆይተው ጠዋት በቀይ ቀለም ምልክት ካደረጉበት ዛፍ ሥር ተመልሰው ተገኙ።

«ማንም አልሰደበኝም» አለ። «እሱ ነው የባሰብኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጭጋጉ እስኪነሳ ጠበቅኩ። አንቺ ግን እዚያ ላይ ሆነሽ ልብሽ ቢዋሽሽ የት ላይ ትቀመጫለሽ?»

«እዚያው እየዞርኩ እጠብቃለኋ አባ» አልኩት። «ያልገባኝ እሱ ነው።»

ሳቅ አይሉት ትንፋሽ የሆነ ድምፅ አወጣ። «አሳዪኝ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ ነበርን። ተማሪ የለም፤ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። አባቴ መሃል ላይ አንድ ችካል ተከለ። «ጣቢያሽ ይቺ ናት» አለ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ራሴ ላይ ጣለብኝ፤ እጄ ላይ ካስያዘኝ የራሱ ኮምፓስ በቀር ምንም እንዳላይ። ትከሻዬን ይዞ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ አዞረኝ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ድንገት ያዘኝ።

«አሁን ወደ የት እየዞርሽ ነው?»

«ወደ ግራ! አባ፣ አትልቀቀኝ።»

«ቆመሻል» አለ። «ቁጥሩን እይ።»

የኮምፓሱ ቁጥር ትንሽ ተወዛውዞ ረጋ። እኔ ግን በመላ ሰውነቴ እየዞርኩ ነበር። ይህን ነገር መጽሐፉ ውስጥ አንብቤዋለሁ፤ በጆሮ ውስጥ ስላለው ፈሳሽ፣ ፈሳሹ እንዴት አእምሮን እንደሚያታልል። ለፈተናው ትርጉሙን በቃሌ ይዤው ነበር። ጋቢው ሥር ግን ቃሉም ትርጉሙም ጠፉ። «ኮምፓሱ ተበላሽቷል» ብዬ ጮህኩ። ከዚያም «ሂጂ» ሲለኝ ቁጥሩን ትቼ ቀጥታ በመሰለኝ በኩል ሄድኩና ከጎሉ ብረት ጋር ተላተምኩ። ግንባሬ አበጠ። አባቴ አልሳቀም። «ጅባት ገባሽ» አለኝ ብቻ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ካፖርቱን ደርቦ እየሮጠ መጣ። ጋቢ የተከናነበች ልጅና ሽማግሌ አባቷን ሲያይ ምን ያስብ?

«ኦቦ፣ ነጋያ? ማል ታኤ?» አለ፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ፣ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው።

«ነጋያ፣ ነጋያ» አለው አባቴ። «አውሮፕላን እየነዳች ነው።»

ዘበኛው አንዴ እኔን አንዴ ሰማዩን አየ። ከዚያ ሌላ ሳይጠይቅ ጎሉ ሥር ተቀመጠና እስክንጨርስ ጠበቀን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ገና ሳንደርስ ይከፍትልን ነበር።

በየጠዋቱ ሄድን። መጀመሪያ ያለ ጋቢ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ከተለያየ አቅጣጫ ወደ ችካሉ እየመጣሁ የመግቢያ መንገዶቹን በእግሬ ተማርኩ። ወረቀት ላይ ሦስት የተምታቱ ሥዕሎች የነበሩት፣ ሣሩ ላይ ሲሆኑ በየትኛው ጎን ብታጠፍ እንደሚቀለኝ እግሬ ራሱ ይነግረኝ ጀመር። ሣሩ ተረግጦ ተረግጦ የሞላላው መንገድ ከሩቅ ይታይ ነበር። ቀጥሎ በጋቢ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ አባቴ «ዛሬ ነፋስ አለ» አለኝ።

«የት አለ? ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።»

«ነፋሱ እኔ ነኝ።»

ጋቢውን ተከናንቤ ጉዞ ስጀምር ከጎኔ እየሄደ በትከሻው ቀስ እያለ ይገፋኝ ጀመር። ኮምፓሴ ከቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ፊቴን በትክክል ይዣለሁ፤ እርምጃዬን ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ጋቢውን ስገልጥ ግን ችካሉ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ በግራዬ ቆሟል።

«መርፌው ዋሸሽ?» አለኝ።

«አልዋሸኝም። ፊቴ ወዴት እንደሆነ ነገረኝ። የት እንዳለሁ ግን አልነገረኝም።»

«እሱን ማን ይንገርሽ?»

«እኔ ላስበው» አልኩ። ካፒቴኑ ቢሯቸው ውስጥ ምን ለማለት እንደፈለጉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሌላ ሙከራ አደረግን። አባቴ ይገፋኛል፣ እኔ ፊቴን ትንሽ ወደ እሱ አዙሬ ግፊቱን እያካካስኩ እሄዳለሁ። በሦስተኛው ዙር ጫማዬ ችካሉን መታው። አባቴ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ «ነፋሱ ደከመው» ብሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ወሬው በሰፈሩ መዞሩ አልቀረም። እሁድ ከቸርች ስንወጣ አንዲት የጸሎት ቡድን አባል እናቴን ለብቻዋ ጎተተቻት። እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላ ነበርኩ።

«ልጅሽን አሟታል እንዴ? ጋቢ ተከናንባ ሜዳ ለሜዳ ትዞራለች አሉ። በጸሎት እናስባት?»

እናቴ ጭራሽ አልደነገጠችም። «አስቧት» አለች። «ፈተና አለባት።»

አዲስ አበባ ተመልሼ ድጋሚውን ፈተና የተፈተንኩት ብቻዬን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ተነስቼ ቆምኩና ወንበሮቹ መሃል ሦስት እርምጃ ሄጄ ታጠፍኩ። ካፒቴኑ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝና መልሰው ከፍ አደረጉት። ከሰዓት በኋላ ወረቀቴን አርመው ሲሰጡኝ «አልፈሻል» አሉ። «ውጤትሽ ከፍተኛ አይደለም። ግን ያንቺ ነው።»

ሞባይል ገና በየኪሱ አልገባም ነበርና ቴሌ ሄጄ ቤት ደወልኩ። ያነሳው አባቴ ነው።

«አለፍኩ አባ።»

ስንት አገኘሽ አላለኝም። «የሳትሽው የትኛውን ነው?» አለ። አንዱን ነገርኩት፤ አልተስማማም፤ የካፒቴኑ መልስ ነው ስህተቱ ብሎ ተከራከረኝ። እሱ ሲያስረዳ፣ እኔ ስመልስ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እናቴ በመጨረሻ ስልኩን ነጠቀችው። «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

እውነተኛ ደመና ውስጥ የገባሁት ከዚያ ከወራት በኋላ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት የበረራ መምህር ነበር። መጀመሪያ ክንፋችን ጠፋ፤ ቀጥሎ መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆነ። ከአንድ ረጅም መታጠፍ ስወጣ ሰውነቴ ወደ ግራ ማጋደል ጀመርን ብሎ ጮኸ። ልክ እንደ እርግጥ ነገር፣ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። እጄ መሪውን ወደ ቀኝ ሊመልስ ተነሳ። መሣሪያው ግን ክንፎቻችን እኩል ናቸው ይላል፤ ሁለተኛውን አየሁ፣ እሱም አልተቃወመም፤ ሦስተኛውም። እጄን ካለበት አላንቀሳቀስኩትም። ያለማንቀሳቀስ ይህን ያህል እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። መምህሩ በጎን እያየኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። ቀስ በቀስ ማጋደሉ በውስጤ ለቀቀኝና ከደመናው ሥር ወጥተን እርሻና ቆርቆሮ ጣሪያ ታየን።

ስንወርድ መምህሩ የበረራውን ሰዓት መዝገቤ ላይ ጻፈልኝና ፈረመበት።

«ነገ በሁለት ሰዓት» አለኝ። «እንዳታረፍጂ።»