የሳክሶኑ ንጉሥና የእኔ ሽምግልና

ዛሬ የምወዳትን ልጅ እንዲጠይቁልኝ እብናት ሽማግሌ ልልክ ነበር፤ ቀረ። ያስቀረው ከሞተ ሺህ ዓመት ያለፈው፣ እንግሊዝ አገር የነገሠ የሳክሶን ንጉሥ ነው።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት የንጉሡን የዘር ሐረግ ለነገ ክፍል ስስል አባቴ መጡ። ንጉሡ አባቱ ሲሞት የእንጀራ እናቱን እንዳገባ ነገርኳቸው።

አማተቡ። «ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ አልነበራቸውም?»

«እንጃ።»

«ያንተንስ ማን ቆጠረው?»

እሷ የእብናት ልጅ፣ እኛ የገሳይ ሰዎች፤ ምን ያገናኘናል ብዬ አልቆጠርኩም ነበር።

ወረቀቱን ገልብጠው «ደውልላት» አሉኝ። እሷ አባቷን እየጠየቀች ስትነግረኝ ጻፍኩ። አምስተኛው ቤት ላይ የሁለታችን ዘር አንድ ሰው ላይ ገጠመ። ለመጋባት ደንቡ ሰባት ቤት መራቅ ነው።

ንጉሡስ አግብቶ ነው የሞተው።



እናንተ ቆጥራችሁ ነው የወደዳችሁት ወይስ ወዳችሁ ነው የቆጠራችሁት?