በመሬት የሚመለስ መብራት

እኛ ሰፈር መብራት የሚገባው በአንድ ሽቦ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር የተነሣ ቀጭን ሽቦ በየአጥሩ ላይ እየተንጠላጠለ ጎጇችን ድረስ ይመጣል። መብራት መሄጃም መመለሻም ይፈልጋል። ሽቦ ውድ ስለሆነ መመለሻውን ለመሬት ሰጥተነዋል። ሦስት ጎረቤታሞች አንድ የሕንጻ ብረት እንደ ካስማ ቀብረን፣ የየቤታችንን ሁለተኛ ሽቦ እሱ ላይ ጠምጥመናል። ወፍጮ ቤቱም በበኩሉ ብረቱን ቀብሯል። በብረቱ ዙሪያ ያለው አፈር ሲደርቅ አምፖሉ ይደክማል፤ ያኔ ሴቶቹ የልብስ እጣቢ ያጠጡታል። የስደተኛ ካምፑ በሙሉ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ እኔም አብሬ ኖሬበታለሁ።

ልጄ ሬዲዮ መሥራት የጀመረችው ስልክ የተቋረጠብን ጊዜ ነው። ወደ አገራችን የሚያስገባው መንገድ ተዘግቷል። በዚህ በኩል ደግሞ ከካምፑ ለመውጣት ተስሪህ ያስፈልጋል፤ ይኸን የይለፍ ወረቀት መስጠት ከቆመ ቆይቷል። ገዳሪፍ ከተማም የዚህን አገር ጦርነት ሸሽቶ በመጣ ሰው ተጨናንቋል ይባላል፤ እኛ ግን የምንሰማው ከሹፌር አፍ ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥቶ እስከ ካምፑ አጥር ሄዶ መመለስ፣ ከሰዓት እንደገና ሄዶ መመለስ። ልጄ ለአካለ መጠን የደረሰች ናት፤ እንዲህ ያለው ኑሮ ወጣትን ምን እንደሚያደርግ በሌሎች ቤት አይቻለሁ። ስለዚህ የተሰባበሩ ሬዲዮዎች ሰብስባ ደጃችን ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ሥር ስትቀመጥ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ግን አልነገርኳትም።

ሬዲዮው ሠራ። ያለቀው ባትሪ ነው፤ ገበያውም ባትሪ ካየ ሰንብቷል።

«አባዬ፣ ከመብራቱ ልቀጥለው» አለችኝ።

«እኔ ቁሜ እያለሁ?»

«ቁመህ እየው፤ ማን ተቀመጥ አለህ?»

እናቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ሽቦ የሚመጣው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ ሬዲዮው የሚፈልገው አሥራ ሁለት ነው። ልጄ ስትሠራ ባዶ እግሯን መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ ጊዜ ብትሳሳት በዚህ መንገድ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት የለም። ስለዚህ ወይ በደንብ ይሠራል፣ ወይ አይሠራም አልኳት።

ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ የለም። ቁረይሻ በሚባል ስፍራ እርሻ ላይ የትራክተር ሽቦ ስቀጥል ጀመርኩ፤ የቀረውን ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ፊደል በፊደል ለቀምኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለው፤ መጽሐፉ ያለውን ሁሉ ያምናል።

የሥራውን ደንብ አንድ በአንድ አስያዝኳት። ሁለት መቶ ሃያውን ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርደውን፣ ከአሮጌ ቴፕ የወጣውን ትራንስፎርመር የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አሰርነው። ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ የቆርቆሮው ስለት ሽቦውን እንዳይልጠው፣ ከሸበጥ ጎማ ቆርጣ ቀለበት አደረገችለት። ገመዱን ከውስጥ ቋጠረችው፤ ሰው ቢያደናቅፈው እንኳ ከብየዳው ላይ አይነቀልም። ፊውዙን በሚመጣው ሽቦ ላይ፣ ከሁሉ በፊት አስገባን። ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ መብራት አቁሮ እንደሚቆይ ነግሬ፣ እሱን ሳታራግፍ፣ ሌላውንም ሳትፈትሽ እንዳትነካ አስማልኳት።

«በማን ልማል?»

«በእናትሽ።»

«እኔን ምን አስገባችሁኝ!» አለች እናቷ ከውስጥ።

መጨረሻ ላይ መጽሐፉ እንደሚያዘው፣ ቆርቆሮው ራሱ ከመሬት ጋር እንዲያያዝ ከጎኑ አንድ ሽቦ አውጥቼ ከዚያው ከተቀበረው ብረት ጋር አሰርኩት። ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላጥና ቆርቆሮውን ቢነካ፣ መብራቱ በሰው በኩል ሳይሆን በዚያ ያልፋል፤ ፊውዙም ይቃጠላል። ዓለም በሙሉ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ሲነሣ ሰካነው። መጀመሪያ አምፖል መሀል አስገብተን ነው የሞከርነው፤ ውስጡ የተጠላለፈ ነገር ቢኖር አምፖሉ ቦግ ይላል። ቦግ አላለም። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ ቀጥሎ የሰው ድምፅ ሰማን። ደረቴ ሞቀ።

«በቃ፣ ያዥው፤ ቆርቆሮው ከመሬት ተያይዟል» አልኳት።

አልያዘችውም። «ሳትፈትሺ አትንኪ ያልከኝ አንተ ነህ» ብላ መብራት ያለበትን ነገር ሲነካ የሚቀላውን የቴስተሩን ጫፍ ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች። ቴስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቀላች።

«ቴስተሩ ተበላሽቷል!» አልኳት። በእጄ ወስጄ ራሴ ሞከርኩ። ቀላ። ገመዱን ነቅዬ፣ ቆርቆሮውን ከፍቼ፣ እያንዳንዱን ብየዳ አየሁ። የተላጠ ሽቦ የለም። መልሼ ሰካሁት፤ አሁንም ቀላ። ተናደድኩ። የተናደድኩት በልጄ ላይ ነበር፤ ከእሷ የቀረበኝ ሰው አልነበረማ።

እሷ ወደ ተቀበረው ብረት ሄዳ ቁጢጥ አለች። ዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቆ ከብረቱ ሸሽቷል። ውሃ በየቤቱ በልክ መታደል ከጀመረ ወዲህ እጣቢ ያጠጣው የለም። ጎረቤታችን ግን ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥበት ፍሪጅ እያጓራ ነው።

«አባዬ፣ የሷ ፍሪጅ መብራቱን የሚመልሰው በምንድን ነው?»

«በብረቱ ነዋ።»

«ብረቱ ዙሪያ ደርቋል፤ መግቢያ አጥቷል። ያንተ ቆርቆሮ ደግሞ ከብረቱ ጋር ታስሯል። ታዲያ ወዴት ይሂድ?»

ተነሥታ የመጠጥ ውሃችንን ጆግ ይዛ መጣች። እናቷ «ኧረ ውሃው!» እያለች፣ ብረቱ ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ቴስተሩን ቆርቆሮው ላይ ይዤ ነበር። መቅላቱ እየደከመ፣ እየደከመ ጠፋ።

መጽሐፉ መሬት የሚለው ምንም የማይሸከመውን መሬት ነው። የእኛ መሬት የሦስት ቤት መመለሻ ተሸክሟል። ለልጄ መጠበቂያ ብዬ ያሰርኩት ሽቦ የጎረቤትን መብራት እጇ ላይ ሊያመጣባት ነበር፤ ያዥው ያልኳትም እኔው ነኝ።

«ሁለተኛ ሽቦ እስከ ወፍጮ ቤቱ ካልተዘረጋ አይሆንም» አለች። «ለቆርቆሮውም የራሱ ብረት ይቀበርለት፣ ማንም የማይነካው። ካልሆነ እነቅለዋለሁ።»

ያን ያህል ሽቦ ከየት ይመጣል አልኩ። አፌ ነው እንጂ እኔ አውቃለሁ፤ ከአልጋዬ ሥር በጆንያ ተጠቅልሎ አንድ ሙሉ ጥቅል አለ። እርሻ ላይ በሠራሁበት ዓመት የያዝኩት ነው፤ አገራችን ስንገባ ለቤታችን መብራት እዘረጋበታለሁ ብዬ። እናቷም ታውቃለች። ልጄ ሬዲዮውን ከገመዱ ፈትታ ጨርቅ አለበሰችው። ቁጣ የለ፣ ልመና የለ። እንደዚያ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ሳይ፣ አጥሩ ጋ ቆመው የሚውሉትን ልጆች መሰለችኝ።

ጥቅሉን አወጣሁት።

በማግስቱ የወፍጮውን ባለቤት፣ ሽማግሌውን፣ «ያ ሐጅ፣ አንድ ሽቦ ጨምረህ እሰርልኝ» አልኩት። ሳቀና «ያ ዞል፣ መብራት የምታበዛው ልትሞሸር ነው እንዴ?» አለኝ። «ያ ዞል» በእነሱ አፍ «አንተ ሰው» ማለት ነው፤ የእኛ ቋንቋ ይገባዋል፣ ሲናገር ግን እንደ ገበያ ሰው ዐረብኛ ይቀላቅልበታል። የፍሪጇ ጎረቤታችን ወጥታ አየችን።

«ጋሼ፣ እኛንስ በደረቅ ብረት ሊተዉን ነው?»

«ሽቦው ለሁላችንም ይበቃል። ያን ብረት ግን ዛሬውኑ እንነቅለዋለን።»

«ይነቀል! ከባሌ ይብስ ያጠጣሁት እሱን ነው» አለች።

ሽቦውን ስንዘረጋ፣ ልጄ በአጥሩ እሾህ ላይ እንደ ድሮው ልትወረውረው አለች፤ «መንገዱ ሲከፈት በቀላሉ እንድንጠቀልለው።» እኔም ልቤ ይኸንኑ ይፈልግ ነበር። ግን የተንጠላጠለ ሽቦ በነፋስ ይፋተጋል፣ ይላጣል፣ ፍየል ትጎትተዋለች፤ ከዚያ አንድ ሕፃን ይይዘዋል። ለጊዜው ነው ተብሎ የሚሠራ የመብራት ሥራ የለም፤ ሰው የሚሞተው ለጊዜው በተባለው ነው። ስለዚህ እንጨት ተከልን፤ በየእንጨቱ ላይ ጎማ አልብሰን፣ በምስማር ቆልምመን አጠበቅነው። ለቆርቆሮው ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ እርጥበት ካለበት፣ ለብቻው ብረት ቀበርን።

ወፍጮው ተነሣ። ቴስተሩን አሳረፈች፤ አልቀላም። ፍሪጁ እስኪያጓራ ጠብቀን ደገመችው፤ አልቀላም። ከዚያ በባዶ እጇ ቆርቆሮውን ያዘችው። እኔ የእጇን ጀርባ እንጂ ፊቷን አላየሁም።

ሬዲዮው የዝናብና የማሽላ ወሬ አወራ። እናቷ «ስለ መንገዱ አሉ?» አለች።

«አላሉም።»

ውጭ ወጥቼ ምስማሮቹን አንድ በአንድ በእጄ ወዘወዝኳቸው። የሚነቃነቅ አልነበረም፤ መንገዱ ቢከፈት እንኳ ይህ ሽቦ በቀላሉ አይጠቀለልም።