«ውጣ!» ሲለኝ ያልወጣሁ ዕለት

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። አሥራ አንድ ዓመት ተከላካይ ሆኜ አምስት ቡድን ስዞር በወጉ «ደህና ሁን» ብሎ ያሰናበተኝ የለም። አንዱ ጋ ማሊያዬን ሌላ ሰው ለብሶት ደረስኩ። ሌላው ጋ መባረሬን የነገረኝ የግቢው ዘበኛ ነው። ታዲያ አቃቂ የጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ስገባ ሰው ላምን ኖሯል? ምን በወጣኝ!

የፋብሪካው ተጫዋቾች እስከ እኩለ ቀን ፈትል ክፍል እንሠራለን፤ ከምሳ በኋላ ሜዳ እንወርዳለን። ብዙዎቻችን ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበርን። የዚያን ዓመት ግን ወሬ ተነዛ፦ ከሁለታችን የመሀል ተከላካዮች አንዱ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፣ አንዱ ይሰናበታል። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ብርድ ሲነካው ይጮኻል፤ ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች። ከዚህ ከተባረርኩ ሰባተኛ ቡድን የሚባል ነገር የለም። አለቀ።

ሌላኛው ተከላካይ ረጅም፣ ዝምተኛ የሐረርጌ ሰው ነበር። ነገሩ የሸተተኝ ባቡር ላይ ነው። ለጨዋታ ናዝሬት ስንሄድ ከአቃቂ ጣቢያ እንሳፈራለን። እኛ ካርታ ስንጫወት እሱ ሄዶ አሰልጣኙ አጠገብ ይቀመጣል። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ያቀረቅራሉ፤ ሰው ሲያልፍ ወረቀቷ እጥፍ ትላለች። ስም ዝርዝር ናት አልኩ። ሌላ ምን ልትሆን! የሚቀረውንና የሚሄደውን እየመረጡ ነው። ቤት ገብቼ ነገሩን አወራሁ። ባለቤቴ «ኧረ ባክህ፣ ሰው ሁሉ ስላንተ ሲያስብ አይውልም» ብትለኝ እሷንም ተቆጣኋት።

የቡድናችን ዋና ዘዴ ኦፍሳይድ ነበር። እሱ «ውጣ!» ብሎ ሲጮህ አራታችንም ተከላካዮች ባንዴ ወደፊት እንወጣለን፤ የተጋጣሚ አጥቂ ከኋላችን ብቻውን ይቀራል፣ ባንዲራ ይነሣል። ከአራታችን አንድ ሰው ከቀረ ግን ኦፍሳይድ የለም፤ ጉድ ፈላ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ናዝሬት ነበር። ባዶ ለባዶ ሆነን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ውጣ!» አለ። ያን ጊዜ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እኔን አስወጥቶ እሱ ሊቀር ነው፤ ኳሷን ብቻውን አድኖ በእኔ ላይ ሊታይ ነው አልኩ። እግሬን ተከልኩ። ሦስቱ ወጡ። አጥቂው በጎኔ አልፎ አገባት።

«ኦፍሳይድ ነው!» እያሉ ሁሉም ሮጠው መስመር ዳኛውን ከበቡት፤ ወደ እኔ የዞረ አልነበረም። መልበሻ ክፍል ገብተን አሰልጣኙ «ማነው የቀረው?» ሲሉ ጫማዬን ልፈታ አጎነበስኩ። የሐረርጌው ሰው ተነሣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ዘግይቼ ነው የጠራሁት።»

እፎይ ያልኩ መሰላችሁ? የለም! ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ሸርቦ ነው አልኩ።

ስንመለስ አላስችል አለኝና ባቡሩ ላይ ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ያቺን ወረቀት አሳየኝ» አልኩት። አፈረ። ዙሪያውን ቃኝቶ ከኪሱ አወጣት። ሀ፣ ሁ፣ ሂ የተጻፈባት ነበረች፤ ፊደሉ ሁሉ የተንጋደደ።

«ማንበብ አልችልም ነበር። አሰልጣኙ ናቸው የሚያስተምሩኝ። ለልጆቹ እንዳትነግርብኝ፣ አደራ» አለኝ።

አሰልጣኙ ከእኛ ሦስት ወንበር ቢርቁ ነው። ተነሥቼ «የቀረሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ደብረ ዘይት ስንደርስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዱከም ስንደርስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። አቃቂ ደረስን፣ ወረድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔ ቋሚ ሆንኩ፤ እሱ ተሰናበተ። አገሩ የሚሄድ ዕለት ጣቢያ ሸኘሁት። ልቤ ግን አሁንም አላረፈም፤ ነገሩን አውቆታል፣ ሰው ፊት ሳያዋርደኝ አይሄድም ብዬ እፈራለሁ። ባቡሩ ሊነሣ ሲል እጄን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ንገረኝ ወንድሜ። አጠገቤ የነበርከው አንተ ነህ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳስበው ነው የምውለው። የእውነት ዘግይቼ ነበር?»

ለካ ሰውዬው እኔን አልሸፈነም! ሆን ብዬ እቀራለሁ ብሎ ጭራሽ አላሰበም።

ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

«ትንሽ» አልኩት፤ «ትንሽ ዘግይተህ ነበር።»