ከዳባት ምንጭ እስከ ባቱሚ ባሕር

ደባርቅ፣ ሐሙስ ማለዳ

ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ያባራው ጠዋት ላይ ነው። እኔ ሻንጣችንን ሚኒባሱ ላይ ሳስጭን እናቴ አበቡ የፊቱን ወንበር ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሶ የሞላ ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከረጢቱን ከሻንጣው ጋር እናድርገው ብዬ ብለምናት አሻፈረኝ አለች።

"ሙሌ፣ ይኸ በሶ ከጠፋ እኔም አልሄድም" አለችኝ።

በሶው ከገዛ ማሳዋ ገብስ የተፈጨ ነው። የሚሄደው ደግሞ ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለች፣ በሆቴሎቿና በቁማር ቤቶቿ ወደምትታወቅ ባቱሚ ወደምትባል የጆርጂያ ከተማ ነው። ከደባርቅ ባቱሚ ድረስ በሶ ይዞ የሄደ ሰው ከእናቴ በፊት ያለ አይመስለኝም።

እኔ የስሜን ተራሮች አስጎብኚ ነኝ። ዕድሜዬን ሰው ስመራ ኖሬ እኔ ራሴ ጎብኚ ሆኜ አላውቅም። ሐምሌ ላይ ጉሙ ተራራውን ስለሚሸፍነው ሥራ የለም። ስለዚህ ልቤ እንደ ልጅ እየዘለለ ነው የተነሳሁት። የጉዞው ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም።

አምና አስቴር የምትባል ከእስራኤል የመጣች ሴት ጨነቅ እስከሚባለው የተራራው ማደሪያ ድረስ መራሁ። ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ስናወራ "እናቴ እዚህ ዳባት ናት የተወለደችው፤ ብርቄ ትባላለች፤ ሸክላ ትሠራ ነበር" አለችኝ። እጄ ላይ የነበረው ሻይ ተደፋ። ብርቄ የሚለው ስም እቤታችን ሳይነሳ የዋለበት ቀን የለማ! እናቴ ያ ሁሉ ዘመን ስታነሳት የኖረችው የልጅነት ጓደኛዋ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አሮጊቶች በስልክ ሲያወሩ ከረሙ። እናቴ ወደ እስራኤል ለመሄድ ቪዛው አልሆነላትም። እማማ ብርቄን ደግሞ ሐኪማቸው የዳባት ከፍታ ለልባቸው አይሆንም ብሏቸዋል። በየዓመቱ ክረምት ቤተሰቡ ለዕረፍት የሚሄደው ባቱሚ ስለሆነ፣ አስቴር "እዚያ እናገናኛቸው" ብላ ትኬቱን ላከች።

ዳባት

መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሜዳው ግን አረንጓዴ ለብሷል። ዳባት ስንደርስ እናቴ ሾፌሩን ቀስ እንዲል ለመነችውና በመስኮቱ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆመችኝ።

"ምንጩ ያ ነው። ድንጋዩም ዛሬም አለ።"

የድንጋዩን ነገር ለማያውቅ ልንገረው። የብርቄ ወገኖች ቤተ እስራኤል ናቸው። በዚያን ጊዜ ከሌላ እምነት ሰው ጋር አይነካኩም ነበር። የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ነከር ብሎ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። የእኛም ሰው በበኩሉ በእነሱ ላይ የማያወራው ክፉ ወሬ አልነበረም። እናቴና ብርቄ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ምንጩ ዳር እየተገናኙ ጓደኛ ሆኑ። እናቴ ገብሱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትላለች፤ ብርቄ ቀርባ ታነሳና በምትኩ ድስቱን አስቀምጣ ታፈገፍጋለች። ሚስጥራቸውን ሁሉ የተጨዋወቱት በዚያ ድንጋይ ወዲህና ወዲያ ነው። ታላቅ እህቴ በሕፃንነቷ ስትሞት ብርቄ ከድንጋዩ ወዲያ፣ እናቴ ከድንጋዩ ወዲህ ሆነው አብረው አለቀሱ። መተቃቀፍ የለም። ብርቄ አገር ለቃ የሄደች ዕለት ድንጋዩ ላይ አንዲት እንስራ ተቀምጣ ተገኘች።

"ባሕሩን እንደሆነ የማያውቁት አገር አይናፍቅም" አለች እናቴ፣ ዳባትን አልፈን ወደ ጎንደር ስንወርድ። "እኔ ብርቄን አንዴ ልያዛት ነው። አንድ ቀን እጇን ይዤ አላውቅም እኮ።"

"ያዣታለሽ እንጂ! ለዚሁ አይደል የምንሄደው?"

"እሷ ባትፈልግስ?"

በስልክ ጠይቃት እንደሆነ ስጠይቃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም አለችኝ።

ባቱሚ፣ ዓርብ

ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል፣ ከኢስታንቡል ባቱሚ። አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ዝቅ ሲል እኔ "ውኃ ላይ ሊያርፍ ነው!" ብዬ የወንበሩን ክንድ ጨበጥኩ፤ እናቴ በሶዋን ጨበጠች። የቪዛው ነገር ስላጓተተን የደረስነው ዓርብ ወደ ማታ ነው። እነ እማማ ብርቄ የሚመለሱት እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። አስቴር ጋ ስደውል ስልኳ ተዘግቷል።

"ፀሐይዋን አታይም? ሰንበቷ ገብቷል" አለች እናቴ። "ቅዳሜ ማታ ድረስ አትነካካት።"

ዓርብ ስለሆነ የጾም ምግብ ፍለጋ ወጣን። ያገኘናት ዳቦ ጋጋሪ ቋንቋችን ባይገባትም፣ እናቴ ነጠላዋን ይዛ ስታማትብ ወዲያው ገባት። እሷም ኦርቶዶክስ ናትና አማትባ ውስጡ ባቄላ መሳይ ጥራጥሬ የተደቆሰበት ትኩስ ቂጣ ሰጠችን። እናቴ ቀምሳ "አገሩስ ክርስቲያን ነው" ብላ ፈረደች።

ቅዳሜ፣ ከተማዋን ስንዞር

አቤት ከተማ! ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው የእግር መንገድ መጨረሻው አይታይም። በአንድ ወገን ዘንባባና ቀርከሃ፣ በሌላው ወገን ውኃ። ልጅ አዋቂው በኪራይ ብስክሌት ሽው ይላል። ከአንዱ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰው ተሳፍሮበት የሚዞር የወርቅ ቀለም ያለው ትልቅ ጎማ ተሰክቶ አየሁ። አፌን ከፍቼ ስቀር አንድ ብስክሌት ሊገጨኝ ለጥቂት ሳተኝ። እንግዶቼን "ስትሄዱ አትዩ፣ ስታዩ አትሂዱ" እላቸው የለ!

ባሕሩ ዳር አሸዋ የለም፤ ድቡልቡል ጠጠርና ድንጋይ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች፣ አገላብጣ አየችና መለሰችው።

ከተማ አውቶቡስ ስንሳፈር ካርድ ያስፈልግ ኖሯል። ግራ ተጋብተን ስንቆም አንዲት ወይዘሮ በራሷ ካርድ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጋ አሳለፈችን። ሳንቲም ብዘረጋላት እጄን ገፋችው። ማስታወቂያው ሁሉ በራሳቸው ክብ ክብ ፊደል ነው፤ እናቴ ሌላ ሕዝብ የራሱ ፊደል እንዳለው ስታይ ደስ አላት።

ቀጥሎ በገመድ የሚጎተተውን ሳጥን ተሳፍረን ከከተማዋ ጀርባ ወዳለው ተራራ ወጣን። እናቴ ቁልቁል አየችና "ለዚህ ጉብታ ነው ይኸን ሁሉ ገመድ የዘረጉት?" አለች። የስሜን ሰው ምን ታደርገዋለህ። ባሕሩን ከላይ ስታየው ግን ማዶውን በዓይኗ ፈለገች።

"ማዶ የለውም" አለችኝ። "እኛ አገር ገደሉ የቱንም ያህል ቢጠልቅ ማዶውን ትጠራዋለህ። ይኸን ማን ይጠራዋል?"

ምሳ የበላነው በጀልባ ቅርፅ የተጋገረ፣ መሐሉ አይብና እንቁላል የፈሰሰበት ዳቦ ነው፤ በአገሩ ገንዘብ አሥራ ስምንት ላሪ። አንዱ ለሁለት ተርፎናል። ከሰዓት በኋላ እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ እንድታርፍ አድርጌ አንድ ካሲኖ ውስጥ ገባሁ። በሩ ላይ ፓስፖርት አዩኝ። መስኮት የለ፣ ሰዓት የለ፤ ቀን ይሁን ማታ አይታወቅም። የሚገርመው የሚስቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ይኸን ሁሉ መብራት አብርተው እንዴት እንዲህ ፊታቸው ይጠቁራል? ለወጉ አንድ ማሽን ላይ አምስት ላሪ አስገባሁ። ማሽኑ ዘፈነልኝና ዝም አለ። ለእናቴ ስነግራት "ከነገሩ ጾም እደሩ" ብላ አላገጠችብኝ።

ማታ የአስቴር የድምፅ መልእክት ገባ። ጠዋት ሆቴላችን ኑ፤ ታች አዳራሹ ውስጥ እንጠብቃችኋለን፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ አየር ማረፊያ እንወጣለን ትላለች። እናቴ መልእክቱን ደግማ ደጋግማ አስከፈተችኝ።

እሑድ

ሆቴሉ ከባሕሩ ዳር ያለ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ነው። ታችኛው ወለል ካሲኖ ነው፤ መብራቱ በጠዋትም ይብለጨለጫል። መንገዱን ተሻግረን በሩ ጋ ልንደርስ ስንል እናቴ ቀጥ አለች።

"አልገባም።"

"ቁማር ቤቱን ፈርተሽ ነው? በሌላ በር እንገባለን።"

"ምን ቁማር ትለኛለህ! ቤቷ እኮ ነው። የብርቄን አጥር አልፌ አላውቅም። ገብቼባት ቤቷን ላስታጥባት?"

"እማዬ፣ ሆቴል ነው እኮ! ስንት ሰው ይገባል ይወጣል!"

"ያደሩበት ሁሉ ቤት ነው።"

ይኸን ብላ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከገደል ማዶ እንደሚጠራ ሰው፣ ሽቅብ ወደ ፎቁ "ብርቄ! ብርቄ ሆይ!" አለች። ሰው ከየሰገነቱ ብቅ ብቅ አለ። ከብርቄ በቀር ያልወጣ የለም። ጥበቃው እየሮጠ መጣ፤ እኔ በእንግሊዝኛ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እናቴን እዚያው ጥላ ሥር ትቼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

አዳራሹ ውስጥ የሉም። እንግዳ ተቀባይዋ "እናትና ልጅ ቅድም ወጡ" አለችኝ። በሆቴሉ ዋይፋይ አስቴር ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ስወጣ ደግሞ እናቴ የለችም! ስሜን ላይ ጉም ውስጥ እንኳ አንድ ተጓዥ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ የመጀመሪያዋ እናቴ ሆነች። ጥበቃው ወደ ባሕሩ ጠቆመኝ።

በዘንባባው መሐል፣ በብስክሌቶቹ መሐል ሮጥኩ። እነሱን አየር ማረፊያ የሚያደርሰው መኪና የሚነሳበት ሰዓት ቀርቧል። "ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ሳታያት ትመለስ?" እያልኩ ነው የምሮጠው። ነጠላዋን ከሩቅ አየሁት። ውኃው ጥግ ድንጋዩ ላይ ቆማለች። ከወዲያ ደግሞ አጭር፣ ራሳቸውን በሻሽ ያሰሩ አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ ይመጣሉ፤ አስቴር ክንዳቸውን ይዛለች። አስቴር በኋላ እንደነገረችኝ፣ እማማ ብርቄ አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ተቀምጠው "አበቡ ቤት አትገባም። ውኃ ዳር ነው የምትጠብቀኝ" ብለው ተነሱባት።

እናቴ አየቻቸው። አልሮጠችም። ከድንጋዮቹ መሐል ሰፋ ያለውን መረጠችና በሶዋን አስቀመጠችበት። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ውኃው አፈገፈገችና እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

እማማ ብርቄ ድንጋዩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ከረጢቱን አዩት።

"አበቡ።"

"አቤት ብርቄ።"

"ድስት አልያዝኩልሽም።"

"አለኝ። የመጨረሻዋ እንስራሽ ዛሬም ቤቴ ናት።"

እማማ ብርቄ ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጡ። "ነይ።"

"ተይ ብርቄ፤ ልትሄጂ ነው፣ መንገደኛ ነሽ። የት ትታጠቢያለሽ?"

እማማ ብርቄ ሳቁ። ሳቃቸው የልጃገረድ ነው።

"አንቺ ሴት! ወንዙ ቁልቁለት ነው፣ ብርድ ነው ስንል ኖርን እንጂ። ይኸን ሁሉ ውኃ ከኋላሽ ገትረሽ የት ትታጠቢያለሽ ትይኛለሽ?"

ድንጋዩን አለፉት። እናቴ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ተያያዙ። እናቴ ያሰማችውን ድምፅ በዕድሜዬ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴ የሞተ ዕለትም እንኳ። "ልጄን ስቀብር... ያን ጊዜ..." ትላለች፣ አትጨርሰውም። እማማ ብርቄ ጀርባዋን እየደባበሱ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ እጄ ሲበላኝ ነው የኖረው" ይሏታል። እኔና አስቴር አንዳችን የአንዳችንን ፊት ማየት አቅቶን ወደ ፎቆቹ ዞርን።

ፊታችንን ስንመልስ ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀዋል። "እናቴ ከላይ ሆና እንዳትቆጣኝ ነከር ልበል" አሉ እማማ ብርቄ፣ እናቴን እየጎተቱ። እናቴ ከቁርጭምጭሚት ያለፈ ውኃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ማዕበሉ መጣና ሁለቱንም እስከ ወገባቸው አጠባቸው። ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ እንዳይወድቁ አንዳቸው ሌላቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘዋል።

እማማ ብርቄ አየር ማረፊያ የሄዱት በእርጥብ ቀሚሳቸው ነው። ልብስ ይቀይሩ ዘንድ አስቴር ብትለምናቸው እንቢ አሉ። በሶውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በመኪናው መስኮት እጃቸውን አውጥተው፣ መኪናው እስኪነቃነቅ የእናቴን እጅ አልለቀቁም።

ደባርቅ፣ ስንመለስ

በዳባት በኩል ስናልፍ እናቴ ተኝታ ነበር፤ አልቀሰቀስኳትም። እኔ ሰውን ከተራራ ጫፍ አድርሼ "ይኸው፣ ደረሳችሁ" ስል ኖሬያለሁ። ለካ መድረስ ማለት ሁልጊዜ ወደ ላይ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው መድረሻው ከአንድ ድንጋይ ወዲያ ነው፣ ያችን ድንጋይ ለመሻገር ዕድሜ ይፈጃል።

ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እኔ ስለ ፎቁ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ካሲኖው ስተርክ አመሸሁ። እትዬ የሺ የምትባል ጎረቤታችን ግን የምትፈልገው እናቴን ነው።

"አበቡ፣ አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ ባሕር እንዴት ያለ ነገር ነው?"

እናቴ ከመደቡ ተነሳችና እትዬ የሺን እቅፍ አድርጋ ያዘቻት፤ "ኧረ ትንፋሼን!" እስክትል ድረስ አልለቀቀቻትም።

"እንዲህ ያለ ነው" አለቻት።