ራሱን የተካው አዲስ ሠራተኛ

«አዲሱ ልጅ» ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የቀለም ፋብሪካችን ስቶር ኪፐር ሆኖ ሲቀጠር፣ ሽበቱን አይተን ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዞር ሲል ደግሞ አዲሱ ልጅ አልነው። እኔ የፈቃድ ፎርም የምይዘው ጸሐፊ ነኝ፤ እኔንም ዞር ስል ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ አልነግራችሁም።

በተቀጠረ በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ መጣ።

«እሙዬ፣ ፈቃድ ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ ገና ወንበርህ እንኳ አልሞቀም! አዲስ ሠራተኛ ስድስት ወር ሳይሞላው ፈቃድ የለውም። ከዚያም ቢሆን በሠራው ወር ልክ ነው።»

«ዛሬ መች አልኩሽ? ልጄ አርግዛለች፤ ገና ሁለት ወሯ ነው። ለዚያ ነው።»

በፊተኛው መሥሪያ ቤቱ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። ይህችው ልጁ የተወለደች ዕለት የንብረት ቆጠራ ላይ ነበር፤ ያያት በሦስተኛው ቀን ነው። «የልጅ ልጄ ሲመጣ ግን ማዋለጃው ደጃፍ ላይ እገኛለሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ደንቡን ግን እኔ አላወጣሁትም።

አንድ መላ ነበር። በኛ ቤት በበዓል ቀን አዲሶቹ ይሠራሉ፣ ነባሮቹ ይተኛሉ። በበዓል የሠራ ወይ እጥፍ ይከፈለዋል፣ ወይ ምትክ ዕረፍት ይያዝለታል። ሁሉም ክፍያውን ይመርጣል። እሱ ብቻ በየበዓሉ እየገባ ዕረፍቱን አስያዘ። ስድስት ወሩን ከጨረሰ በኋላ ያገኛት ፈቃድ ተጨምራ ሰባት ቀን ሞላለት።

ጊዜው ሲደርስ ፎርሙን ሞልቶ አመጣ። ገረፍ አድርጌ አየሁና ማህተሜን አሳረፍኩ። አለቃም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃ በሬን በርግደው ገቡ።

«ስቶሩ ተቆልፏል! ተተኪው የታለ?»

ፎርሙን አወጣሁ። «በፈቃድ ጊዜ የሚተካ ሠራተኛ» የሚለው ቦታ ላይ ጋሼ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ የራሱን ስም ጽፎ ፈርሟል። ሃያ ስምንት ዓመት ፈቃድ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እየተካ እዚያች መስመር ላይ ሲፈርም ኖሮ፣ እጁ ሳያስበው ሄዶባታል።

«ተተኪውማ ፈቃድ ላይ ነው» አልኩ።

«ማን ፈቀደለት?»

«እርስዎ።»

ፊርማቸውን አዩ፤ ማህተሜን አዩ፤ ስልካቸውን አወጡ። «አሁኑኑ ይመለስ!»

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ልጅቷ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት መግባቷን ጋሼ ጠዋት ደውሎ ነግሮኛል። ከተጠራ ደግሞ ይመጣል፤ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም።

«አይደወልም!» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ስሙን ሰርዤ የራሴን ጻፍኩና ቁልፉን ከጥበቃ ተቀብዬ ስቶር ገባሁ። ሰባት ቀን ሙሉ ነጭ ሲሉኝ ክሬም እየሰጠሁ ስሰደብ ሰነበትኩ።

ጋሼ ሲመለስ ገና ከበሩ «ደረስክ ወይ?» አልኩት።

«ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ሴት ናት!» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጄ ግን ወደ ማዋለጃው ሲያስገቧት አይታኝ ምን አለች መሰለሽ? ‹አባዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ትመለሳለህ?›»

«ምን አልካት?»

«ሰባት ቀን አለኝ ብላት አላመነችኝም። የፎርሙን ኮፒ አሳየኋት። ምጡን ጥርሷን ነክሳ የቻለች ልጅ፣ ማህተሙን ስታይ አለቀሰች።»