በእጄ ሳጉረመርም

«ጽድቅ ነው የምትሠሪው» የሚለኝ ሰው ሲበዛ ደመወዜ የሚያንስ ይመስለኛል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል አስተማሪ ነኝ። ባለ ሱቁ ዘይቱን እያቀበለኝ «ጽድቅ ነው» ይላል፤ ዋጋውን ግን አይቀንስም። አከራዬም «ጽድቅ ነው ልጄ» ይሉና በዚያው አፋቸው ኪራይ ይጨምራሉ። ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

እዚህ መንገድ ሲዘጋ ዘይትና ጤፍ ይወደዳሉ፤ መንገዱ ሲከፈት ግን አይረክሱም። ለምን ብለህ ብትጠይቅ ነጋዴው ወደ ደምበጫ ይጠቁምሃል፣ የደምበጫው ወደ ባሕር ዳር። እናቴ ከፈረስ ቤት ከተማ በሚመጣው መኪና ድንች በማዳበሪያ ትልክልኛለች። ዲግሪ ይዤ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ የእናቴን ድንች መብላቴ ያናድደኛል። ድንቹ ሲያልቅ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ለልዩ ፍላጎት መምህራን ማበረታቻ ሊከፈል ነው የሚለውን ወሬ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። በመስከረም ትምህርት ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ «አንቺ እኮ የያዝሽው ዘጠኝ ተማሪ ነው። ሰባ የያዘው መምህር ምን ይበል?» አለኝ። ዘጠኙን ለአንድ ሳምንት ላስረክብህና ሰባውን አምጣልኝ ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አላልሁትም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዘጠኙ አንዷን አባቷ ከቡሬ ወዲህ ካለ ቀበሌ እጇን ይዞ ሲያመጣት አሥር ዓመቷ ነበር። ቤታቸው አዊኛም አማርኛም ይነገራል፤ ለእሷ ግን አንዱም አልደረሳትም። ስም እንዳላት እንኳ አታውቅም ነበር። «ብዪ»፣ «ነዪ»፣ «ላሟን መልሺ» የሚሉትን በጥቆማ ትለያለች፤ በቃ። የመጀመሪያውን ወር ጠረጴዛ ስትደበድብ ከረመች። አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ ታነባለች፣ ትከራከራለች፣ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ተነሥታ ታርመኛለች። በሚቀጥለው ዓመት ከሚሰሙት ልጆች ጋር አምስተኛ ክፍል ትገባለች። እስከዚያ በደንብ ማንበብና መጻፍ ካልቻለች እዚያ መካከል ተቀምጣ የሰው ከንፈር ስታይ ነው የምትውለው። በትምህርት ቤቱ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሌላ መምህር የለም። እኔ ከሄድሁ ክፍሉ ይዘጋል።

ይኸን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በኅዳር ስልኩን ያነሣሁት። የደወለው ማስተማሩን ትቶ ቡሬ አንድ ፋብሪካ የገባ የቀድሞ ባልደረባዬ ነበር። «አንቺ፣ ጠመኔ ስትልሺ ልትኖሪ ነው እንዴ? የመጋዘን ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ምሳ አለ፣ ሰርቪስ አለ፣ ደመወዙን ስነግርሽ ትስቂያለሽ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ለፈተና ነዪ። ይኸ ካመለጠሽ የሚቀጥለው ቅጥር ሰኔ ሲያልቅ ነው» አለኝ። ደመወዙን ሲነግረኝ እውነትም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደስ አላለኝም። ጉዳዩን ለማንም አልተናገርሁም፤ በአፌ ማለቴ ነው።

ከእነዚህ ልጆች ጋር ስምንት ዓመት ስኖር አንድ አመል ተጠናውቶኛል። ሰው ሲጨንቀው ለብቻው ያጉረመርም የለ? እኔ የማጉረመርመው በእጄ ነው። ሳላስበው ጣቶቼ ደረቴ ላይ ያወራሉ። አከራዬ አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ሳሰጣ አዩኝና በማግስቱ አንድ ጀሪካን ጠበል ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ሳይብስብሽ ተጠመቂ» አሉኝ። «እትዬ፣ የያዘኝ ኪራዩ ነው» ብላቸው ሳቁ፤ ኪራዩን ግን አልነኩትም። ጠበሉን ተቀብዬ አመሰግኜአቸዋለሁ፤ መቼም ማመስገን አይከብደኝም።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት ከክፍላችን ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ ስለ ቡሬ አስብ ነበር። እኔ የማውቀው ማሰቤን ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ስገባ ግን ስምንቱ ልጆች እጃቸውን ዴስክ ሥር አድርገው ጠበቁኝ። የእኔ ተማሪ እጁን ደበቀ ማለት አኩርፎ ዝም አለ ማለት ነው። የዘጠነኛዋ፣ የዚያች ከቡሬ ወዲህ የመጣችው ልጅ፣ ቦታ ባዶ ነበር። «የት ሄደች?» አልኋቸው። ደግሜ ደጋግሜ ስጠይቅ ከሁሉም የምታንሰው ተነሣችና እጇን አውጥታ እኔን አስመሰለችኝ፦ «ቡሬ። ደመወዝ። ልሂድ። ክፍሉ ይዘጋ።» የትከሻዬን አጣጣል እንኳ አልሳተችም።

«ክፍሉ ይዘጋ» ማለቴን እኔ አላውቅም። ግን ልጅ ያላየውን ከየት ያመጣል? የቀረችው ልጅ ውኃ ልትጠጣ ቧንቧው ጋ ቆማ አይታኛለች። ያየችውን ለሁሉም ነግራ፣ ከምታድርበት የዘመድ ቤት ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ አገሯ ገብታለች። ሌላው አስተማሪ ሥራውን በቀን አሥር ጊዜ ቢረግም ተማሪዎቹ አይሰሙትም። እኔ አንዴ አጉረመረምሁና ዘጠኝ ልጅ አነበበኝ። በራሴ በጣም ተናደድሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የቡሬ ሚኒባስ ያዝሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድሁት ለእሷ ስል ብቻ አይደለም። እሷን አባብዬ በአራት ሰዓት ቡሬ ልደርስ አስቤ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃዬ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስወርድ ረዳቱ «ቡሬ አላልሽም ወይ?» ብሎ ጮኸብኝ። «እዚህችው ናት» የተባልሁት የእግር መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የገጠር «እዚህችው» የማውቀው ነገር ነው፤ እኔ ራሴ የገጠር ልጅ ነኝ።

አባቷ ደጅ ወጥቶ ተቀበለኝ። «የኔታ» ነው የሚለኝ፤ ለሴት አይባልም ብዬ ብነግረውም አልተወውም። «የኔታ፣ ይግቡ እንጂ! ልጅቱ ትናንት መጥታ እጇን አራገፈችብን። አለቀ ማለቷ ይሁን፣ ተባረርሁ ማለቷ ይሁን፣ እኛ ምኑን አውቀን» አለኝ። ነገሩን ሳልደብቅ ነገርሁት። ወደ ጎተራው ጠቆመኝና፣ «በቆሎ እኮ አለን፣ በርበሬም አለ። ወላጆቹ ተነጋግረን እናዋጣልዎ። የቄስ ትምህርት ቤትስ እንዲያ አልነበር?» አለ። ፊቴ ጋለ። መንግሥት የቀጠረኝን ሴትዮ አንድ ገበሬ ከጎተራው ሊቀልበኝ ተነሣ። የተናደድሁት በእሱ አልነበረም፤ በዚያ ወንበር ላይ ለጠጥ ባለው ሰውዬ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ እሷን ላናግራት» አልሁት።

ጓሮ ሰሌን ላይ ከእናቷ ጋር ሆና በርበሬ ትለቅማለች። ስታየኝ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ በርበሬው ክምር ውስጥ ቀበረች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁና፣ «ሰኞ ትምህርት አለ፤ ነዪ» አልኋት። እጇ አልወጣም። «የትም አልሄድም። አስተምራችኋለሁ» አልኋት። እጄን አላየችውም፤ የምታየው ፊቴን ነበር። የቋንቋችን ግማሹ ፊት ላይ ነው ብዬ ያስተማርኋት እኔው ነኝ። እጅ ይዋሻል፣ ፊት ግን ያስቸግራል።

ሳላስበው ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት አልፏል። ቀና ስል እሷም ሰዓቴን እያየች ነው። እጇን ከበርበሬው አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችና፣ «እስከ መቼ?» አለችኝ።

ማበረታቻው በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ዓመት እየተባልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። እኔም እንደዚያ ብያት ወደ ቤቴ መመለስ እችል ነበር። ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሣ ስትለኝ ግን አቃተኝ።

«እስከ ሰኔ» አልኋት።

እናቷ አንዴ እኔን አንዴ ልጇን ታያለች፤ ምን እንደተባባልን አልገባትም። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና ደብተሯን ይዛ ተመለሰች። ሐሙስ ያልጨረስነውን ገጽ ገለጠች፤ በርበሬ ባቀላው ጣቷ መስመሩን እያሳየች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሰኔ ቅርብ ነው። አሁን እንጀምር» አለችኝ።