አለፈ እና ታለፈ

በማስታወስ ችሎታዬ ላይ ያለኝ እምነት ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ስለ ሄደ፣ እርግጠኛ የሆንሁበትንና ያልሆንሁበትን እየለየሁ ለመጻፍ እሞክራለሁ። ከሁሉ ይልቅ እርግጠኛ የሆንሁበት አንድ ቃል ነው። ቃሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ቺሮ የመጣሁት ከተማው በብዙ ሰው አፍ ገና አሰበ ተፈሪ ሲባል፣ በመምህርነት ተመድቤ ነው። ሒሳብና ስታቲስቲክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ለክሊኒኮች የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ጠራኝ። ቢሮው በኪራይ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ነበር። ኃላፊው ከሌላ ክልል የመጣ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ አንብቦ ቶሎ የሚወስን ሰው ነበር። ፕሮግራሙን የምትጽፈው የቺሮ ልጅ ናት፤ አማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት። ተማሪዎ ነበርሁ ብላኛለች፤ እኔ ግን ከክፍል አላስታውሳትም።

የእኔ ሥራ የፈተና ሪፖርት ማውጣት ነበር። ፈተና የምለው የሰው ፈተና አይደለም። እሷ ኮዱን በለወጠች ቁጥር፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰርቨር ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚመረምሩትን ፈተናዎች ሁሉ በራሱ ያስኬድና ውጤቱን በፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉ በየትኛውም አገር ያለ መሣሪያ ሊያነበው በሚችል መደበኛ ቅርጽ የተጻፈ ነው። በዚያ ቅርጽ፣ የወደቀ ፈተና ለምን እንደ ወደቀ ይጻፍበታል፤ ሳይሞከር የተዘለለም ለምን እንደ ተዘለለ ይጻፍበታል። ያለፈ ፈተና ግን ስሙና የፈጀው ጊዜ ብቻ ይቀመጥና ሌላ ምንም አይባልበትም። ዝም ከተባለ አልፏል ማለት ነው። ይህ ደንብ ያኔ በጣም ያምረኝ ነበር።

ኃላፊው እንዲህ ያለውን ፋይል ማንበብ ስለማይችል፣ ከፋይሉ አንድ ገጽ የአማርኛ ሪፖርት የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ። በየመስመሩ አንድ ፈተና አለ፤ በግራ ጠርዝ ውጤቱ፣ ቀጥሎ የፈተናው ስም፣ በመጨረሻ የጻፈው ሰው ስም። ለውጤቱ ሦስት ቃላት መረጥሁ፦ አለፈ፣ ወደቀ፣ ታለፈ። የመጀመሪያውን ገጽ ያሳየሁት ለእሷ ነበር።

«ጋሼ፣ አለፈና ታለፈ በአንድ ፊደል እኮ ነው የሚለያዩት» አለችኝ። «‹አልተሞከረም› ቢሉት አይሻልም?»

የግሡን ተገብሮ መልክ አስረዳኋት። ታለፈ ማለት ሌላ ሰው ዘለለው ማለት እንደ ሆነ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንደማይሳሳተው ነገርኋት። እውነተኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር፤ ሦስቱም ቃላት ባለ ሦስት ፊደል ስለ ሆኑ ዓምዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ያንንም ሳልነግራት አልቀረሁም መሰለኝ፤ ምክንያቱም እየሳቀች «እሺ፣ ዓምዱ ቀጥ ይበልልዎ» ማለቷ ትዝ ይለኛል።

በዚያ ክረምት ያልተጠናቀቀ አንድ ስሌት ነበር፤ የጳጉሜ። በዚያች አጭር ወር የተወለደ ሕፃን ስድስት ሳምንት የሚሞላው የትኛው ቀን እንደ ሆነ ፕሮግራሙ በትክክል አያወጣም ነበር። እሷ ፈተናውን አስቀድማ ጻፈች፤ ስሌቱ እስኪጠናቀቅም እንዲዘለል አደረገች፣ ምክንያቱንም በፋይሉ ውስጥ አሰፈረች። የእኔ ገጽ ለምክንያት ቦታ አልነበረውም።

ነሐሴ ውስጥ ኃላፊው ፕሮግራሙ ወደ ሚኤሶና ወደ ቦርደዴ ክሊኒኮች እንዲሄድ ለመወሰን ሪፖርቱን ይዞ ተቀመጠ። እሷ በዚያ ቀን ሚኤሶ ኮምፒዩተር ልትተክል ሄዳ ነበር፤ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። መስመሩን እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ። «የጳጉሜ ቀጠሮ፣ አለፈ» አለና ወደሚቀጥለው ሄደ።

ይህን በእርግጥ ሰምቻለሁ? ለዓመታት ከራሴ ጋር ስከራከርበት ኖሬያለሁ። ጆሮዬ ያን ጊዜም ደካማ ነበር። ይሁን እንጂ ከወረቀቴ ቀና ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ያለ ምክንያት ቀና ያልሁ አይመስለኝም። ባርመው፣ ቃሉ እንደሚያሳስት አስቀድማ የነገረችኝ ሰው ትክክል ነበረች ማለቴ ነው። አንገቴን መልሼ ደፋሁ።

በጥቅምት ከሚኤሶ ክሊኒክ አንዲት ነርስ ደወለች። አንዲት እናት ከሩቅ በእግሯ መጥታ ተቀምጣለች፤ ቀኑን በቃሏ ይዛለች፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የልጇ ስም የለም።

«ኦቦ፣ ልጁ እዚህ አለ፣ እያለቀሰ ነው» አለችኝ ነርሷ። «ኮምፒዩተሩ ግን አልተወለደም ይላል።»

የተወለደው በጳጉሜ ነበር። ከዚያች እናት በፊት የመጡ ሌሎች እናቶችም «ቀናችሁ አይደለም» ተብለው ተመልሰው ነበር። ኋላ ሁሉም ተፈልገው ልጆቻቸው እንደ ተከተቡ ተነግሮኛል፤ እኔ ግን አላየሁም።

ኃላፊው ሰበሰበን። ፈተናውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ስሟ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ነበር። እሷ አልፏል እንዳላለች፣ እንዲዘለል እንዳደረገችው ረጋ ብላ አስረዳች። እሱ አለፈ የሚለውን በዐይኑ እንዳየ ተናገረ፤ ወረቀቱ ግን ተፈልጎ አልተገኘም። «ትምያለሽ?» አላት። የወንጌል አማኝ ናት፤ እንደማትምል ሁላችንም እናውቃለን።

«አልምልም» አለች። «ፋይሉ ሰርቨሩ ውስጥ አለ። እኔ ብከፍተው አይታመንም፤ ጋሼ ይክፈቱትና ይታይ።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደምል ጠየቀኝ። ያልሁትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ማተሚያው ቀለሙ ደክሟል። የግራውን ጠርዝ አንዳንዴ ይበላዋል።»

ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ማተሚያው በእርግጥ እንዲያ ያደርግ ነበር። መብራት ሲመጣ ፋይሉን እንደምከፍተውም ጨመርሁ። መብራት ከሰዓት በኋላ መጣ። ሰርቨሩ በራሱ ተነሥቶ ማጉረምረም ጀመረ፣ እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በማግስቱም የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሣሁትም። እሷ የጳጉሜን ስሌት በዚያው ሳምንት ጨረሰችው፤ ፈተናውም በትክክል አለፈ። ውሏ ሲያልቅ ግን አልታደሰላትም።

ለራሴ መጽናኛ ያደረግሁት ያንኑ ማተሚያ ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ቀለሙ በልቶት ይሆናል፤ ኃላፊውም ያየውን ነው ያነበበው፤ እንግዲህ ማንም አልዋሸም እል ነበር። ወደ ሐረር ስሄድና ስመለስ፣ ሂርና ላይ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ እንደ ከፈተች እያወቅሁ ከሚኒባሱ ሳልወርድ ብዙ ጊዜ አልፌያታለሁ። አንድ ቀን ግን ወረድሁ።

ሱቋ ጫት ከሚጫንበት ቦታ አጠገብ ነው። ወንበር አቀረበችልኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ የማተሚያውን ነገር ነገርኋት፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አምኜበት ነበርና። አቋርጣኝ አታውቅም፤ አሁንም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ታለፈ ብላ ጻፈችና የመጀመሪያውን ፊደል በአውራ ጣቷ ሸፈነችው።

«ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።»

ለፈ ይላል። አለፈ አይልም። ማተሚያው «ታ»ን ቢበላ «አ»ን አይተካም። ዕድሜዬን ሙሉ የሒሳብ ማረጋገጫ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ይህን አንድም ቀን አላሰብሁትም፤ ወይም ላስበው አልፈለግሁም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ዓመት ድሬዳዋ ለአንድ ሥራ አመልክታ እንደ ነበር ከዚያ በኋላ ነገረችኝ። ከቀድሞ ሥራዋ ለምን እንደ ወጣች ጠይቀዋት የሚመሰክርላት ሰው አጥታለች። አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ አልኋት።

«አሁንማ ሰው ቀጥረዋል» አለች። «ግን ይጻፉልኝ፣ ይቀመጥ።»

በራሷ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥሁ። ሪፖርቱን ያዘጋጀሁት እኔ መሆኔን፣ በስሕተት ሲነበብ ሰምቼ ዝም ማለቴን ጻፍሁ። የመስማቴን ነገር እንደ እርግጥ አድርጌ ነው የጻፍሁት። «የጳጉሜ ፈተና በዚያ ቀን» ወደሚለው ዐረፍተ ነገር ስደርስ ጣቶቼ ከልማድ ታለፈ ብለው መቱ። እሷ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ነበር። ቃሉን አጠፋሁና አልተሞከረም ብዬ ጻፍሁ።